ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ

ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንወረውረው ከተማ ገብቶ የሌለ ዘርና ሀብት በሚቆልል ሰው ላይ ነው። ለእኔ ግን ከማንም በላይ የሚስማማው ሳይዘምት ዘማች ነበርኩ ለሚል፣ ያልተሸለመውን ሜዳይ ለሚያወራ ሰው ነው።

ቁርበት በድሮ ቤት መደብ ላይ ለእንግዳ ይነጠፋል። አያ ጅቦ ደግሞ ቁርበት ይበላል። አገሩ ላይ ቢጠይቅ የሚጠብቀው ዱላ ነው። ስለዚህ ራቅ ብሎ ሄደ። የተረቱ ተንኮል እዚህ ላይ ነው፤ የጠየቀው ክብር ራሱ ራቱ ነው። የውሸት ጀግናም እንዲሁ። ብዙዎቹ ብር አይፈልጉም። የሚርባቸው ሰው ተነስቶ ወንበር ሲለቅላቸው ማየት ነው።

ጎንደር ውስጥ ፉከራ እንደ ዋዛ አይታይም። ድሮ ጦር ሲመለስ ግዳይ ይጣላል፣ ጀግናው «ዘራፍ!» ብሎ በአለቃው ፊት ይፎክራል። ዙሪያውን የቆሙት አብረውት የዋሉ ናቸው። ማጋነኑን ችለው ይሰሙታል፤ ሳያጋንኑ ምኑን ፎከሩት! ያልዋለበትን ልጥራ ቢል ግን ጎኑ ያለው ጓዱ አፉን ያስይዘዋል።

ችግሩ ምስክር የሌለ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ግን ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው የጎንደር መከላከያ ምሽግ የነበረው ቁልቋል በር ከወደቀ ከቀናት በኋላ፣ ኅዳር 1934 ላይ ነው። ከዚያ በኋላ አርበኛ በዛ። ዱር ቤቴ ብሎ የኖረው ጓዶቹን ይጠራል። የውስጥ አርበኛው ግን ምን ያድርግ? ስንቅና ጥይት ያቀበለው፣ ወሬ ያደረሰው በድብቅ ነው፤ ደረሰኝ አልተቆረጠለትም። በዚያው ክፍተት የትናንቱ ባንዳም ሾልኮ ገባ። «ባንዳው ከአርበኛው ቀድሞ ተሾመ» የሚለው እሮሮ እስከ ዛሬ ይሰማል።

እኛም እናግዛቸዋለን፣ በይሉኝታ። ሽማግሌ ሰው «ካራማራ ላይ ቆስያለሁ» ሲል ማን ደፍሮ ቁስሉን አሳዩኝ ይላል? በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ በእውነት የዘመተው ውሸታም ነው። ወጥ ቤት ወይም መጋዘን ሠርቶ ይሆናል፤ ጦር ያለ እሱ አይዋጋም። እሱ ግን ያፍርበትና ራሱን መትረየስ ተኳሽ ያደርጋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ አንድ የውሃ ቦርድ አባል ስብሰባ ላይ ቆሞ የአገሪቱን ትልቁን የጀግና ሜዳይ ተሸልሜያለሁ አለ። አንድ ቀን እንኳን ወታደር አልነበረም። ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ክሱ የቆመበትን ሕግ ሻረው፤ መዋሸት ብቻውን አያስቀጣም ብሎ። በዓመቱ ሌላ ሕግ ወጣ። አሁን የሚያስቀጣው በውሸት ሜዳይ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት ማታለል ነው፤ እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል።

እኔ ክስ ውስጥ አልገባም። «ከማን ጋር ዋሉ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይበቃኛል። ውሸታሙ ወሬ ይቀይራል። የእውነቱ ወታደር ግን አይቀየምም፤ የጓዶቹን ስም አንድ በአንድ መጥራት ይጀምራል፣ እናንተም ቶሎ አትነሱም።