ሌሊቱን ማንጋት ድባቴን ያክማል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እንቅልፍ ማጣት ድባቴን ያባብሳል እንጂ ከመቼ ወዲህ ነው መድኃኒት የሆነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያስገርማል። በጀርመን ቱቢንገን ይሠሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ቫልተር ሹልተ፣ በድባቴ የሚሠቃዩ አንድ መምህር ሌሊቱን ብስክሌት ሲነዱ አድረው ጠዋት ሕመሙ ቀለል እንዳላቸው ሰሙ። ነገሩ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ፕፍሉግ እና ቶለ የተባሉ ሐኪሞች ታካሚዎችን ሆን ብለው ሳያስተኙ እያሳደሩ ያዩትን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች፣ ግማሽ ያህሉ ታካሚ በማግስቱ ይሻለዋል። የድባቴ እንክብል ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ይፈጅበታል።

«እንግዲያው አንድ ሌሊት ካነጋሁ ዳንኩ።»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ዉ እና ባኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ከ1,700 በላይ ታካሚዎችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ሌላ መድኃኒት ሳይወስዱ ተሽሏቸው ከነበሩት 83 በመቶዎቹ አንድ ሌሊት እንደተኙ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩት 59 በመቶዎቹ። በቀን ሸለብ ማድረግ እንኳ የተገኘውን ሊያጠፋ ይችላል። እኔን የሚገርመኝ መሻሉ ሳይሆን እንዲህ ቶሎ ማምለጡ ነው።

ስለዚህ ሕክምናው ያችን ሌሊት ብቻ አይደለም። ሚላን በሚገኘው ሳን ራፋኤሌ ሆስፒታል፣ የፍራንቼስኮ ቤኔዴቲ ቡድን ማንጋቱን ከጠዋት ደማቅ ብርሃን እና ስሜትን ከሚያረጋጋው መድኃኒት ከሊቲየም ጋር አጣምሮ ይሰጣል። ታካሚው ካንዱ ቀን ጠዋት እስከ ማግስቱ ማታ 36 ሰዓት ያህል ነቅቶ ይቆያል፤ ቀጣዩን ሌሊት ይተኛል፤ ከዚያ እንደገና ያነጋል። የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ነቅቶ ማሳለፍም ይሠራል።

«እኔማ እንቅልፍ ካጣሁ ወራት ሆነኝ፤ ታክሜያለሁ ማለት ነው።»

አይደለም። ለወራት የቆየ የእንቅልፍ እጦት ድባቴን ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ነው። አልጋ ላይ እየተገላበጡ ማደር እና በሐኪም ዕቅድ፣ መብራት አብርቶ፣ ከሰው ጋር እያወሩ ማንጋት አንድ አይደሉም።

«ጫት ቅሜ ባነጋም ያው ነው።»

ምርቃናው ከጫቱ ነው፤ ሲያልፍ የሚመጣውን ዱካክ የቀመሰ ያውቀዋል።

«ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።»

ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከድባቴ ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚዋዥቅበት ሕመም፣ ያለበትን ሰው ማንጋት ወደዚያ መነቃቃት (ማኒያ) ሊገፋው ይችላል። የሚጥል በሽታ ላለበት ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን የሚቀሰቅስ ነገር ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ለአንድ ቀን ቀሎት ዳግም ሲከብደው ብቻውን ሊሆን አይገባም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚመረምር ሐኪም ያስፈልጋል። ጤነኛ ነኝ ያለም ቢሆን፣ ባነጋ ማግስት መሪ አይጨብጥ።