ጄነሬሽን ምንድን ነው? ላፕቶፕ ስትገዙ «አይ ፋይቭ ነው» መባሉ ለምን አይበቃም

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት «ኮር አይ ፋይቭ ነው» የሚለውን ነው። ፊታችሁ ካልፈታ «አይ ሰቨንም አለ» ይጨመራል። ከዚያ ስለ ራሙ (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው ስለሚይዘው ሜሞሪ) ይወራል፣ ስለ ስክሪኑ ይወራል፣ ቦርሳና ማውስ በነፃ ይመረቃል። ከሁሉም በላይ መጠየቅ የነበረበት ነገር ግን ሳይነሳ ሒሳብ ይከፈላል። እሱም ጄነሬሽኑ ነው።

ጄነሬሽን የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የላፕቶፑ አእምሮ የሆነው ቺፕ፣ ትውልድ ማለት ነው። ኢንቴል «ኮር አይ» የሚባሉትን ፕሮሰሰሮች መሸጥ የጀመረው በ2008 ነው (ካልነገርኳችሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወይም በየዓመት ከምናምኑ አዲስ ትውልድ ያወጣል። 3ኛው በ2012፣ 6ኛው በ2015፣ 8ኛው በ2017 ወጣ። አይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 የሚባለው ደግሞ በአንድ ትውልድ ውስጥ ያለ ደረጃ ነው። 3ኛ ክፍል ሆኖ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ልጅና መካከለኛ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ፈተና ላይ ቢቀመጡ ማን እንደሚያልፍ አይጠፋችሁም። የ3ኛ ጄነሬሽን አይ 7ም ያው ነው። አንደኛ ወጥቷል፣ ግን 3ኛ ክፍል ነው።

ሱቅ ውስጥ ግን ወሬው እንዲህ ነው የሚሄደው፦

«ስንተኛ ጄነሬሽን ነው?»
«አይ ሰቨን ነው እኮ እህቴ!»
«እሱን ሰማሁ ወንድሜ፣ ስንተኛ ጄነሬሽን?»
«ኧረ ንጹሕ ዕቃ ነው፣ ጭረት እንኳን የለውም።»

ሻጩ ሁልጊዜ እያጭበረበረ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙው ራሱም አያውቀውም።

ስለዚህ ራሳችሁ እዩት። ላፕቶፑ በርቶ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። የሚከፈተው ታስክ ማናጀር ነው። ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ቀጥሎ ሲፒዩ የሚለውን ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ከላይ በቀኝ በኩል ይወጣል። ኪቦርዱ ጎን የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ፣ ስቲከር ይነሳል፣ ሌላ ይለጠፋል። ስሙ «አይ 5-3320ኤም» ካለ ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር 3 ነው፣ ስለዚህ 3ኛ ጄነሬሽን። «አይ 5-8250ዩ» 8ኛ ነው። «አይ 5-10210ዩ» 10ኛ ነው። እዚህ ጋ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፦ «አይ 5-1135ጂ7» ሲባል በ1 ስለጀመረ 1ኛ ይመስላል፣ ነገር ግን 11ኛ ነው። በ10፣ በ11፣ በ12 ወይም በ13 ከጀመረ ሁለቱን አኃዝ አንድ ላይ አንብቡ።

ሌላው ማምታቻ የላፕቶፑ የራሱ ስም ነው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 የሚለውን አይተው «5ኛ ጄነሬሽን ነው፣ አሮጌ ነው» ብለው ትተውት የሚሄዱ አሉ። ጂ5 የኤችፒ የራሱ ቁጥር ነው፣ ውስጡ በአብዛኛው 8ኛ ጄነሬሽን ነው። ጂ3 ደግሞ 6ኛ ነው። የሌኖቮው ኤክስ 1 ካርቦን ጄን 6ም 8ኛ ነው። ቲንክፓድ ቲ480 እና ዴል ላቲትዩድ 7490 ብዙ ጊዜ 8ኛ ይዘው ይመጣሉ፣ 7ኛ የገባባቸውም ስላሉ ግን ታስክ ማናጀሩን ሳታዩ እሺ አትበሉ።

8ኛን ደጋግሜ የማነሳው በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል ኮር ይባላል፣ ኮር ሲበዛ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ይሄዳል። እስከ 7ኛ ድረስ በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው ፕሮሰሰር፣ አይ 7 ተብሎም እንኳ፣ ሁለት ኮር ነበረው። 7ኛው አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ነው። በ2017 የወጣው አይ 5-8250ዩ ግን አራት ኮር ይዞ መጣ፣ ያውም የሚበላው ኃይል እንደ 7ኛው በ15 ዋት ሳለ። የ3ኛው አይ 5-3320ኤም በሁለት ኮር ብቻ 35 ዋት ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ባትሪ ላይ ለምንወድቅ ለእኛ ይቺ የዋት ነገር ቀላል አይደለችም። ሪሰርቹን ነገ ለአድቫይዘሩ የሚያስረክብ የማራኪ ግቢ ተማሪ ያውቃታል።

ሁለተኛው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ይኼ በእኛ ነው) ድጋፉ ተቋርጧል። ተመዝግቦ ለአንድ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለተራ ተጠቃሚ ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ሳይሆን የተፎካካሪው የኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ፣ ቁጥሩ 3 ሺህ ቤት ካለው ጀምሮ ያለ ሐሳብ ግዙ።

«እኔ ያየሁት 4ኛ ጄነሬሽን ላይ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ይጫናል። ፍተሻውን አልፎ የሚጭን ዘዴ አለ፣ ፎርማት የሚያደርግ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩ ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ ይደርሰዋል ብሎ ዋስትና አለመስጠቱ ነው። ትልልቆቹ የዓመት ማሻሻያዎች በራሳቸው አይገቡም፣ እንደገና በእጅ መጫን ይመጣል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ዊንዶውስ 11 ማየታችሁ ስለ ጄነሬሽኑ ምንም አይነግራችሁም።

ገንዘቡ 8ኛ ላይ ካልደረሰስ? 6ኛም 7ኛም ዛሬ ሥራ ይሠራሉ፣ ግን በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ብትጭኑባቸው ይሻላል። ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፣ መልኩ ከዊንዶውስ ብዙም አይርቅም፣ 4 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይ እንኳን ይሄዳል። ኢንተርኔት፣ ጽሑፍ፣ ቪዲዮ፣ ኮዲንግ ለሚፈልግ ሰው ምንም አይጎድለውም፣ አማርኛም ይጻፍበታል። የአካውንቲንግ ተማሪ ከሆናችሁና የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ግድ ከሆነ ግን አይሆንም። ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍታችሁ ደንበኛ የሚያመጣው ሁሉ በፓወር ግዕዝ የተተየበ ከሆነም አይሆንም፣ የንድፍ መሥሪያው አውቶካድም እንደዚያው። እነዚህ የዊንዶውስ ናቸው፣ ለእነሱ ጥቂት ታግሳችሁ 8ኛውን ግዙ።

ጄነሬሽኑ አዲስ ሆኖ ላፕቶፑ የሚያማርርበትም ጊዜ አለ። 4 ጊጋ ራምና ተሽከርካሪው ሃርድ ዲስክ ያለበት 8ኛ ጄነሬሽን እስኪከፈት ድረስ ቡና ታፈላላችሁ። ራም 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ) ይሁን። ሁለቱም በኋላ ሊጨመሩ ይችላሉ፣ እንደ ኤክስ 1 ካርቦን ያሉት ላይ ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ የገዛችሁትን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ከካርቶን የሚወጣው አዲስም ያታልላል። «ብራንድ ኒው» ተብሎ ሰሌሮን ኤን4020 በሚባል ደካማ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ በ4 ጊጋ ራምና በ64 ጊጋ ማከማቻ የሚመጣ አለ። ዊንዶውስ 11 በይፋ ይቀበለዋል፣ ግን ሁለት ኮር ነው፣ ማከማቻውንም ዊንዶውሱ ራሱ ሰፊውን ይይዘዋል። ወላጅ ለልጁ ሲገዛ ያልተነካ ይሻላል ብሎ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። እኔን ከጠየቃችሁኝ በተመሳሳይ ዋጋ ያገለገለ ባለ 8ኛ ኤሊትቡክ ይበልጠዋል፣ ባትሪው ደክሞ እንኳን ቢሆን። ባትሪ ይቀየራል።

ያገለገሉት ኤሊትቡክና ላቲትዩዶች ብዙዎቹ ከውጭ አገር ቢሮዎች የወጡ ናቸው፣ አንዳንዱም ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ የራሱ ማስተካከያ) በፓስወርድ እንደተቆለፈ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ነገ ከፍላሽ ሌላ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ልጫን ብትሉ ላያስገባችሁ ይችላል። ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት አጥፉትና ስታበሩት በኤችፒ ኤፍ 10፣ በዴል ኤፍ 2፣ በቲንክፓድ ኤፍ 1 ቶሎ ቶሎ እየተጫናችሁ ባዮስ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ እዚያው እናንተ እያያችሁ ይክፈተው፣ ካልቻለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።