«ሶፍትዌሩ ብሏል!»፦ ስለ ማይክሮ አር ኤን ኤ ኢላማዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሰሞን ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዤ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ውጤቴን ይዩልኝ» አለና ኤክሴል ከፈተ። 1,100 ገደማ የጂን ስም ተደርድሯል። ሚር-122 የምትባል ማይክሮ አር ኤን ኤ (የጂኖችን መልእክት የምታዳክም ትንሽ ሞለኪውል ናት) ጉበት ውስጥ የምትቆጣጠራቸው፣ ማለትም ኢላማዎቿ ናቸው አለኝ። ከየት አመጣሃቸው ስለው «ሶፍትዌሩ ነው ያለው» አለ፤ ኢላማ የሚገምተውን ሶፍትዌር ማለቱ ነው። እኔም «ይሄ የእድር መዝገብ ነው እንጂ ውጤት አይደለም፣ ስሙ ያለበት ሁሉ ቀብር ይመጣል እንዴ?» አልኩት። ትንሽ ከፋው መሰለኝ። እሱን ብቻ አይደለም የሚያሳስተው፣ ስለዚህ እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ይቺ የኮቪድ ክትባቱ ነገር አይደለችም?»

አይደለችም። አንዳንዶቹ የኮቪድ ክትባቶች ውስጥ የነበረው ኤም አር ኤን ኤ ነው፤ ሴል አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራበት ረዥም መልእክት። ማይክሮ አር ኤን ኤ ግን 22 ፊደል ገደማ ብቻ ናት (ፊደል የምለው አር ኤን ኤ የተገነባባቸውን ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ የሚባሉ ኬሚካሎች ነው)፣ ራሷ ፕሮቲን አይሠራባትም። አርጎኖት የሚባል ፕሮቲን ይሸከማታል፣ እሷ መንገድ ትመራዋለች፣ የሚገጥማትን መልእክት ሲያገኙ ይይዙትና ያዳክሙታል። ግራ መጋባቱን ኖቤልም ሳያባብሰው አልቀረም። የ2023ቱ የሕክምና ሽልማት ለኤም አር ኤን ኤ ክትባት መንገድ ለጠረጉት ለካታሊን ካሪኮና ለድሩ ዋይስማን ተሰጠ፣ የ2024ቱ ደግሞ ለማይክሮ አር ኤን ኤ አግኚዎች ለቪክተር አምብሮስና ለጋሪ ራቭኩን። እነሱ ነገሩን ያሳተሙት በ1993 ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ ሠርተው።

«ሶፍትዌሩ ካለ አለ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ፊደል መፈለግ ነው። ከማይክሮ አር ኤን ኤዋ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ያሉትን ሰባት ፊደሎች ይወስዳል። ሲድ ይሏቸዋል፣ ዘር እንደማለት። ከዚያ በመልእክቱ ጅራት፣ ማለትም ወደ ፕሮቲን በማይተረጎመው ክፍል ውስጥ የሚገጥማቸውን ያስሳል። ሌት-7 የምትባለውን ብንወስድ ሲዷ ጂ-ኤ-ጂ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ ነው። የሚፈለገው እንግዲህ ሲ-ዩ-ኤ-ሲ-ሲ-ዩ-ሲ ይሆናል፤ ኤ ከዩ፣ ጂ ከሲ እየተጣመረ፣ ግን ተገልብጦ ከኋላ ወደ ፊት። (መገልበጡን ረስቶ ሁለት ሳምንት ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።)

አሁን ሒሳቡን እንምታ። አር ኤን ኤ ያለው አራት ፊደል ብቻ ነው። አራትን ሰባት ጊዜ ብናባዛ 16,384 ይመጣል፤ ስለዚህ አንድ የሰባት ፊደል ቅደም ተከተል በአጋጣሚ ብቻ በየ16,384 ፊደሉ አንዴ ብቅ ይላል። ሰው ፕሮቲን የሚሠሩ 20,000 ገደማ ጂኖች አሉት። የእያንዳንዱ ጅራት 1,000 ፊደል ነው እንበል፣ በድምሩ 20 ሚሊዮን። ሲካፈል 1,220። በሌላ አነጋገር ምንም ባዮሎጂ ሳይኖር፣ ፊደሎቹን እንደ ጤፍ ዘር ዝም ብለን በትነን ብንፈልግ እንኳ ከ1,200 በላይ «ኢላማ» እናገኛለን። ልጁ ይሄን ሲሰማ ኤክሴሉን በአዲስ ዓይን አየው።

ጥሩዎቹ ሶፍትዌሮች ችግሩን ስለሚያውቁት ወንፊት ይጨምራሉ። ታርጌትስካን ቦታው በሰው ብቻ ሳይሆን በአይጥና በሌሎችም እንስሳት ሳይለወጥ ቆይቷል ወይ ብሎ ያያል፤ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያልተነካ ፊደል የሚጠብቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም። በዚህ መንገድ ከሰው ጂኖች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የማይክሮ አር ኤን ኤ ኢላማ እንደሆኑ በ2009 ተገምቷል። ፒታ የሚባለው ደግሞ ቦታው ክፍት ነው ወይስ አር ኤን ኤው በራሱ ላይ ታጥፎ ሸፍኖታል የሚለውን ያሰላል። ወንፊቱ ግርዱን ይቀንሳል። የቀረው ግን አሁንም እጩ ነው።

«አምስት ሶፍትዌር ከተስማማ ምን ቀረው?»

ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ይሄን ቶሎ ይገባዋል። አምስት ምስክር መጥቶ አምስቱም ወሬውን የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ ያላችሁ አንድ ምስክር ነው። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የሚነሱት ከዚያው ከሲድ ነው፣ ብዙዎቹም ያንኑ የዝርያ ንጽጽር ይጨምሩበታል። ስለዚህ ቢስማሙ አይገርምም። በዚያ ላይ ሁሉም የተስማሙበትን ብቻ ስትይዙ አንዱ ብቻ በትክክል ያየውን እውነተኛ ኢላማ ትጥላላችሁ።

«ካገኘችው ጂኑን ትዘጋዋለች»

ጂኑን አትነካውም፣ ዲ ኤን ኤው እንዳለ ነው። የምትነካው መልእክቱን ነው። እሱንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አታጠፋውም። በ2008 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን ለክተው ያዩት፣ አንዲት ማይክሮ አር ኤን ኤ በአንድ ፕሮቲን ላይ የምታመጣው ቅነሳ ብዙውን ጊዜ ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ነው። ወጥ ላይ ጨው እንደመመጠን ነው እንጂ ድስቱን እንደመድፋት አይደለም። ቅነሳው ትንሽ ቢሆንም አንዲቷ መቶ ቦታ ትንሽ ትንሽ ስትነካ፣ ሌሎችም ተደርበው አንዱን መልእክት ሲይዙት ነገሩ ይከብዳል።

«ኢላማዋ ከሆነ የትም ኢላማዋ ነው»

የቅዳሜ ገበያ የሚወጣና የማክሰኞ ገበያ የሚወጣ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ላይተያዩ ይችላሉ። ማይክሮ አር ኤን ኤዋና መልእክቱ አንድ ሴል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ካልተገኙ የፊደሉ መግጠም ምንም አይፈይድም። ሚር-122 ጉበት ውስጥ ሞልታ ትፈሳለች፣ ከጉበት ውጭ ግን እምብዛም አትገኝም። የልጁ ዝርዝር አናት ላይ ታዲያ ምን ነበር? በዋናነት አንጎል ውስጥ የሚሠራ ጂን! ሶፍትዌሩ የሰጠው ነጥብ ከፍተኛ ስለሆነ አንደኛ ላይ ቁጭ ብሏል። ሶፍትዌሩ ፊደል ነው የሚያየው፣ ጉበት ይሁን አንጎል አልተነገረውም።

ይቺው ሚር-122 ሌላም የምታስተምረው አላት። ማይክሮ አር ኤን ኤ ሁልጊዜ ታዳክማለች ለሚል ሰው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስን ያሳዩት። ቫይረሱ የራሱ አር ኤን ኤ ላይ እንድትቀመጥ ያደርጋትና ለመባዛት ይጠቀምባታል። በ2005 የታወቀ ነገር ነው። ጉበትን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት እሷን ስለሚፈልግ ይመስላል፣ ሌላም ምክንያት አለው።

«ለሰው የሠራ ለጤፍም ይሠራል»

ሌላ ተማሪ ደግሞ የጤፍ መጋሸብ ላይ መሥራት ትፈልጋለች። ጎጃም ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ ጳጉሜን አልፎ መስከረም ሲጠባ በዝናብና በንፋስ የተኛ ጤፍ አባቷ ማሳ ላይ እያየች ነው ያደገችው፤ እኔም ሐሳቧን ወድጄዋለሁ። ግን የጤፍን ፊደል ለእንስሳት የተሠራ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብታ መጣች።

ዕፅዋት ላይ ሕጉ ሌላ ነው። እንስሳት ላይ ሰባት ፊደል ሊበቃ ይችላል። ዕፅዋት ላይ ግን ማይክሮ አር ኤን ኤዋ ከዳር እስከ ዳር ልትገጥም ምንም አይቀራትም፣ ብዙ ጊዜም መልእክቱን መሀሉ ላይ ቆርጣ ነው የምትጥለው። ቦታውም ብዙውን ጊዜ ጅራቱ ላይ ሳይሆን ፕሮቲን በሚሠራው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ለሰው የተሠራው ሶፍትዌር የጤፍን ኢላማ የተሳሳተ ቦታ፣ በተሳሳተ ወንፊት ይፈልጋል። ለዕፅዋት ተብለው የተሠሩ አሉ፣ ፒኤስ አር ኤን ኤ ታርጌት አንዱ ነው። የጤፍ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዲ ኤን ኤ ፊደሉ፣ መጀመሪያ የታተመው በ2014 ነው። ጤፍ ቴትራፕሎይድ፣ ማለትም አራት የክሮሞሶም ስብስብ ያለው፣ ስለሆነ አንዱ ጂን ብዙ ጊዜ መንትያ አለው፣ ኢላማ ስትፈልጉ ሁለቱንም ማየት ግድ ነው።

ሐሳቧ መሠረት የሌለው እንዳይመስላችሁ። ሩዝ ላይ ሚር-156 የምትባል ማይክሮ አር ኤን ኤ መልእክቱን የምትይዘው ኤስ ፒ ኤል-14 የሚባል ጂን አለ። በ2010 እንደታየው አንዲት ፊደል ተቀይራ ሚር-156 የጂኑን መልእክት በደንብ መያዝ ሲያቅታት ሩዙ ጥቂት ግን ጠንካራ አገዳ፣ ብዙ ፍሬም ያወጣል። ጤፍ ላይ ይሄው ይደገማል ማለት አይደለም። መጠየቁ ግን ተገቢ ነው።

«የበላነው እህል ማይክሮ አር ኤን ኤ ጂናችንን ይቆጣጠራል»

በ2012 የሩዝ ማይክሮ አር ኤን ኤ ከምግብ አልፋ የእንስሳ ጉበት ውስጥ ሥራ ትሠራለች የሚል ጥናት ወጥቶ ብዙ ተወራለት። በዓመቱ ሌሎች ሊደግሙት ሞክረው አልሆነም። እንጀራችሁን ብሉ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ጉበት ውስጥ የማይሠሩትን ሲያወጣ ዝርዝሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ከዚያ በዝርያዎች ተጠብቀው የቆዩትን አየ፣ ሰው ቤተ ሙከራ ውስጥ ያረጋገጣቸውን የያዘውን ሚርታርቤዝን አገላበጠ፣ በመጨረሻ አራት መረጠ። ቀጥሎ ሉሲፈሬዝ የሚባለው ሙከራ ነው፦ የጂኑን ጅራት ብርሃን በሚሰጥ ጂን ላይ ትቀጥላላችሁ። ማይክሮ አር ኤን ኤዋ ስትጨመር ብርሃኑ ከደከመ፣ እነዚያን ሰባት ፊደሎች ስታበላሹ ደግሞ ከተመለሰ፣ ያኔ እውነትም በዚያ ቦታ ይዛዋለች። ኬሚካሉ ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ወር ነው ብለውታል። ኤክሴሉን አልሰረዘውም። የፋይሉን ስም ግን «ውጤት» ከሚለው ወደ «እጩዎች» ቀይሮታል።