ከደንዳኔ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሆድ አያያዝ በጎንደር

ደንዳኔ፣ ሐኪሞች ሬክተም የሚሉት፣ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሰገራ ማቆያ ነው። በካንሰር ምክንያት ተቆርጦ የላይኛው አንጀት ወደ ፊንጢጣ ሲሰፋ ማቆያው ይጠፋል። ሰገራው በቀን ደጋግሞ ጥቂት በጥቂት ይመጣል፣ ያጣድፋል፣ አንዳንዴም ያመልጣል፤ ፈስና ሰገራን መለየትም ያስቸግራል። ችግሩ ላርስ ይባላል፤ በ5 ጥያቄዎች ከ0 እስከ 42 ይለካል፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባዱ ነው። ስፌቱ ለፊንጢጣ በቀረበ ቁጥር፣ ጨረር ከተጨመረበት ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። መሻሻሉ በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ጎንደር ላይ ትልቁ ፈተና ገበታው ነው። ሽሮ፣ ባቄላና ምስር ሆድ ይነፋሉ፤ በርበሬው ሲወጣም ያቃጥላል። የፎገራ ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝና የአጃ አጥሚት ሰገራን ጠጠር ያደርጋሉ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ አንዴ ጠግቦ መብላት ከሁሉ ይከፋል፤ ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀትን ይቀሰቅሳልና፣ ብዙ ሲገባ ቅስቀሳውም ብዙ ነው። በቀን 5 ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻላል፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፣ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። አቦልም በባዶ ሆድ አይጠጣ። ኮሶና ተልባ ያስቀምጣሉና ይቅሩ።

ሎፔራማይድ የተባለው ተቅማጥ ማስታገሻ መድኃኒት ሐኪም ሲያዝ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ባለ 2 ሚሊ ግራሙን 1 ፍሬ ተውጦ ይጀመራል። በቀን ከ8 ፍሬ ማለፍ የልብ ምትን ያዛባል። ሆድ ከተነፋ ወይም 2 ቀን ሰገራ ካልመጣ ይቆማል።

የፊንጢጣን ጡንቻ ፈስ እንደሚይዙ አጥብቆ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 10 ሰከንድ መልቀቅ፤ 10 ጊዜ ደጋግሞ፣ በቀን 3 ዙር። ቂጥና ጭን አብረው ከጠበቁ ልምምዱ ከንቱ ነው፤ ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል ስላለው፣ የቀዶ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ አያያዙን ከባለሙያ ማየት ይገባል።

ቆዳው በሶፍት ሲታሸት ይላጣል። ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተነክቶ ደርቆ፣ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ይቀባል። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር አንድ ጄሪካን ለዚሁ ብቻ ይቀመጥ። ወደ አዘዞም ሆነ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ከመነሻው 2 ወይም 3 ሰዓት አስቀድሞ ይብላ፤ ቅያሪ የውስጥ ልብስና ፌስታል ይያዝ።

ደም፣ ትኩሳት ያለው የሆድ ሕመም ወይም ክብደት መቀነስ ከታየ ግን ላርስ ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ነው።