ታካሚን ያማከለ የአመጋገብ ሕክምና

ታካሚን ያማከለ የአመጋገብ ሕክምና የምግብ ዕቅድ ሲወጣ የበሽታውን ዓይነት ከበላተኛው ኑሮ ጋር አብሮ የሚያይ አሠራር ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሥራ ላይ ሲውል ግን የአመጋገብ ባለሙያውን ብዙ ልማድ ያስጥለዋል።

የቆየውን አሠራር ብዙ ሰው ያውቀዋል። የደም ምርመራው ይታያል፤ «ይህን ይተዉ፣ ያንን ያብዙ» የሚል የታተመ ወረቀት ይሰጣል፤ ቀጠሮ ይያዛል። ታካሚው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። በቀጠሮው ቀን ስኳሩ ዛሬም ከፍ ብሏል። ካርዱ ላይ «ምክር አይከተልም» ተብሎ ይጻፋል። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ቁርስ፣ ምሳና እራት ነው። ሰውየው ደግሞ የሌሊት ጥበቃ ነው። ዋናውን ምግብ የሚበላው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሲሆን ጠዋት ሌላው ቁርስ ሲቀርብ እሱ ይተኛል። ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሳይበላ እንደተኛ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ከጥያቄ ይጀምራል። «ጨው ያበዛሉ?» ከተባለ መልሱ የታወቀ ነው፤ ማን አዎ ይላል? «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ የቀመሱትን ሁሉ ይንገሩኝ» ሲባል ግን ወሬው ይመጣል። ቤት ውስጥ የሚያበስለው ማን ነው? ገበያ የሚወጣውስ? ወር ሲያልቅ ምን ይበላል? መልሱ ብዙ ጊዜ ከላቦራቶሪ ውጤቱ ያልተናነሰ ነገር ይናገራል። ሚስቱ የምታበስልለትን ሰው ብቻውን አስቀምጦ መምከር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትርፉ ድካም ነው።

አስተሳሰቡ ከአመጋገብ ሙያ አልተነሳም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ምክር ፈላጊውን ያማከለ አሠራር አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ተንታኝ ኢኒድ ባሊንት ሐሳቡን ወደ ሕክምናው አመጣችው። በ2001 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ታካሚን ማማከልን ከስድስቱ የጤና አገልግሎት ጥራት ግቦች አንዱ አደረገው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለር በ1983 ለመጠጥ ሱስ ሕክምና ያቀረበው ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለው የአነጋገር ዘዴም ዛሬ በአመጋገብ ምክር ውስጥ ይሠራበታል። ባለሙያው አይሰብክም፤ ታካሚው ራሱ ለመለወጥ ያለውን ምክንያት እንዲናገር ያግዘዋል።

ችግሩ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገለጸው ባደጉት አገሮች እንኳ ረጅም ጊዜ ከሚታከሙ ሰዎች የታዘዙትን በአግባቡ የሚከተሉት በአማካይ 50 በመቶ ናቸው። ግማሹን ሕዝብ ሰነፍ ከማለት ትእዛዙን መመርመር ይሻላል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለሁሉም የስኳር ታካሚ የሚሆን አንድ የካርቦሃይድሬት፣ የፕሮቲንና የስብ ምጣኔ የለም ይላል።

ይህ ሁሉ ታካሚው ያለውን እሺ ማለት ነው? አይደለም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው በምግብ ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በደሙ ውስጥ ሲጠራቀም ልብን እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል፤ ይህ በፍላጎት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ባለሙያው አደጋውን ሳይሸፋፍን ይናገራል፤ ድርድሩ መንገዱ ላይ ነው። ድንች የሚወድ ታካሚ ድንቹን ከትፎ በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን ቢደፋ ፖታሲየሙ ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል። ያኔ የሚፈቀደውን መጠን ተነጋግሮ መወሰን ይቻላል። የፕሮቲኑ ነገር ደግሞ ግራ ያጋባል። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ሳይጀምር «ፕሮቲን ቀንስ» ሲባል የኖረ ሰው፣ በጀመረ ማግሥት «ጨምር» ይባላል። ምክንያቱ እጥበቱ ራሱ ፕሮቲን የሚሠራበትን አሚኖ አሲድ ከሰውነት ስለሚያወጣ ነው። ይህ ካልተነገረው ሐኪሞቹ የሚሉትን አያውቁም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

አሠራሩ ጊዜ ይበላል። በር ላይ ሃያ ሰው ተሰልፎ ሳለ የአንዱን ሰው የትናንት ውሎ መስማት ይከብዳል። አንዳንዱ ባለሙያ በአንድ ቀጠሮ አንድ ለውጥ ብቻ ይይዛል። ለስላሳ መጠጡን በቀን ከሦስት ወደ አንድ ማውረድ፣ ሌላው ለሚቀጥለው።

አንዳንዴ ትክክለኛው ውሳኔ ክልከላን ማንሳት ይሆናል። በእንክብካቤ ማዕከል የሚኖሩ አዛውንት ጨው አልባው ሾርባ በየቀኑ ሳይነካ ከተመለሰና ክብደታቸው ከወረደ፣ ትልቁ አደጋ የምግብ እጥረቱ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከሐኪሙ ጋር ተመክሮ፣ እሳቸውም ተጠይቀው፣ ሾርባው ላይ ትንሽ ጨው ይመለሳል። በማግሥቱ የሚታየው ሳህኑ ምን ያህል እንደጎደለ ነው።