የዬል የመኖሪያ ኮሌጆችና ፌሎዎቻቸው

አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ያለው ዬል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹን በ14 የመኖሪያ ኮሌጆች ይመድባል። ተማሪው የትኛው እንደደረሰው የሚነገረው ገና ግቢ ሳይገባ ነው። የሚያጠናው ትምህርት ከምደባው ጋር አይገናኝም። ኮሌጁ ዲግሪ አይሰጥም፣ ተማሪም አይመለምልም። ተማሪው የሚኖርበት፣ የሚበላበት፣ ነገር ሲከብደው ዲኑን የሚያናግርበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅ ከ400 በላይ ተማሪ ይይዛል፤ የራሱ ካፌ፣ የራሱ ቤተ መጻሕፍትና የራሱ አጥር ግቢ አለው።

እኛ አገር ዶርም የኖረ ሰው "ታዲያ ከዶርም በምን ተለየ?" ማለቱ አይቀርም። በመምህራኑ ነው። እኛ ዘንድ ዶርሙን የሚያውቀው ፕሮክተሩ ነው። መምህር ጋ ጉዳይ ያለው ተማሪ ቢሮው በር ላይ ይጠብቃል። በዬል የኮሌጁ ኃላፊ ራሱ ፕሮፌሰር ሆኖ ከነቤተሰቡ እዚያው ግቢ ይኖራል። ዲኑም እንደዚሁ። ከሁለቱ ሌላ ደግሞ በየኮሌጁ ፌሎው የሚባሉ በርካታ ሰዎች አሉ።

ፌሎው ከየትኛውም ትምህርት ክፍል ሊመጣ ይችላል። የፊዚክስ መምህር፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪም፣ የሕግ ፕሮፌሰር፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉ ጋዜጠኞች፣ ጠበቆችና የጥበብ ሰዎችም ተባባሪ ፌሎው ተብለው ይገባሉ። የሚጋበዙት በኮሌጁ ኃላፊ ነው። ደመወዝ የለውም። የሚያገኙት በካፌው በነጻ የመመገብ መብት (እሱም በልክ ነው)፣ የፌሎዎች እራት ግብዣና መገናኛ ሳሎን ነው። ጥቂቶቹ ብቻ ኮሌጁ ውስጥ አፓርታማ ተሰጥቷቸው ከተማሪው ጋር ይኖራሉ።

የኮሌጆቹ ነገር የተጀመረው በአንድ ሀብታም ገንዘብ ነው። ኤድዋርድ ሃርክነስ አባቱ የነዳጅ ከበርቴው የሮክፌለር ሸሪክ ስለነበሩ ስታንዳርድ ኦይል ከተባለው የነዳጅ ኩባንያ የተገኘ ሀብት ወርሷል። ራሱ የዬል ምሩቅ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ተማሪዎች በትንንሽ ማኅበረሰብ ተከፋፍለው ከመምህራን ጋር እንዲኖሩ የሚያስችል ገንዘብ ልስጥ አለ። ዬል ሲያመነታ ጊዜው ነጎደ። ሰውየውም በ1928 ዕቅዱን ይዞ ወደ ተቀናቃኙ ሃርቫርድ ሄደ። የሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎውል ዓይናቸውን ሳያሹ ተቀበሉ፤ ስጦታውም ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ዬል ከእንቅልፉ የነቃው ከዚያ በኋላ ነው። ደግነቱ ሃርክነስ አልተቀየመም። በ1930 ለዬልም ሰጠ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ኮሌጆች በ1933 ተከፈቱ።

መልኩ የተቀዳው ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ነው። አራት ማዕዘን ግቢው፣ ትልቁ የመመገቢያ አዳራሽ፣ የመምህራኑ ሳሎን፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው። ሥልጣኑ ግን አልተቀዳም። በ1264 እንደተመሠረተው የኦክስፎርዱ ሜርተን ባሉት የእንግሊዝ ኮሌጆች ፌሎው ማለት የቤቱ ባለቤት ነው። ንብረቱን ያስተዳድራል፣ ኃላፊውን ይመርጣል፣ ተማሪ ይቀበላል፣ ያስተምራል። የዬሉ ፌሎው ከዚህ አንዱንም አያደርግም። የክብር እንግዳ ነው ቢባል ይቀላል። ለዚህ ይመስለኛል የፌሎዎቹ ነገር እንደ ሰዉ የሚለያየው። አንዱ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፤ ሌላው ስሙ ዝርዝር ላይ ሰፍሮ ዓመት ሙሉ ዝር አይልም። የሚጠይቀውም የለም።

የሚመጣው ምን ይሠራል? ዋናው ነገር ምሳ ነው። ቀልድ አይደለም። ካፌው ውስጥ ትሪውን ይዞ ተማሪ ያለበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወሬ ነው። ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት የሚፈራ ልጅ ሾርባ እየጠጣ "ትምህርቴን ልቀይር ወይስ ልቀጥል?" ብሎ ለመጠየቅ ያን ያህል አይፈራም። ሰውየው ውጤት የሚሰጠው መምህሩ ስላልሆነም ይቀለዋል። እዚህ ላይ ነው ፌሎው ከሌላ ትምህርት ክፍል መምጣቱ የሚጠቅመው። ብዙዎቹ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አማካሪም ይሆናሉ። አዲሱ ልጅ ኮርስ ሲመርጥ አብረውት ቁጭ ብለው ያያሉ።

በየጊዜው በኃላፊው ቤት የሻይ ግብዣ አለ። ደራሲ፣ ዳኛ፣ ሳይንቲስት ወይም ፖለቲከኛ ይጠራል፤ ተማሪው ሶፋና ምንጣፍ ላይ ተጠጋግቶ ይጠይቃል። ለእኔ ግን ከዚህ የሚበልጠው የተመራቂዎቹ ምሽት ነው። አራተኛ ዓመት ተማሪዎች ከእራት ጋር የመመረቂያ ሥራቸውን ለኮሌጁ ጓደኞቻቸውና ለሚመጡ ፌሎዎች ያቀርባሉ። አድማጩ የዘርፉ ሰው አይደለም። ስለ ፕሮቲን አጣጣፍ የጻፈችው ልጅ ለታሪክ ተማሪ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት አለባት። የሙያ ቃል ደርድሮ ማምለጥ እዚያ አይሠራም።

ከ1968 ጀምሮ ደግሞ የኮሌጅ ሴሚናር የሚባል አለ። በመደበኛ ትምህርት ክፍሎች የማይገኝ ኮርስ በኮሌጁ በኩል ይሰጣል፤ እንደ ማንኛውም ኮርስም ይቆጠራል። አስተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች ናቸው። የትኛው ይሰጥ በሚለው ምርጫ ላይ ተማሪዎች ድምፅ አላቸው። ተማሪ መምህሩን የሚመርጥበት አሠራር ብዙ ቦታ አይገኝም።

የከተማውን ሰው በማስገባት በኩል እዚያው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ግዛት፣ ሂዩስተን ከተማ ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲም ይጠቀሳል። ኮሌጆቹን የጀመረው በ1957 ነው። እዚያ ስማቸው አሶሼት ነው። የመምህራን አሶሼት አለ፣ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የሆኑ የማኅበረሰብ አሶሼቶች አሉ፣ ኮሌጁ ውስጥ ወይም አጠገቡ የሚኖሩም አሉ። ለተማሪ የኋለኞቹ ይበልጥ ይቀርቡታል፤ ሌሊት ችግር ሲፈጠር በር የሚያንኳኳው እነሱ ጋ ነው። የከተማው ሰው ጥቅሙ ሌላ ነው። ሥራ ዓለም ውስጥ ያለ ሰው ስለሆነ ፕሮፌሰሩ የማያውቀውን ይነግራል፤ መሥሪያ ቤቱን ያሳያል፣ ሰው ያስተዋውቃል።

ወደ ዬል ስንመለስ፣ ፌሎዎቹ በአንድ ጀንበር የሚገኙ እንዳልሆኑ የሚያሳየው የ2017ቱ ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት ፖሊ መሬይና ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚባሉ ሁለት ኮሌጆች ተከፈቱ። ሕንፃው ተሠርቶ አለቀ፤ የየኮሌጁ ፌሎዎች ግን ገና አልተሰባሰቡም ነበር። አሮጌዎቹ ኮሌጆች በአሥርት ዓመታት ያከማቿቸው ጡረተኛ ፕሮፌሰሮችና የቆዩ ወዳጆች አሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች፣ የቻይና ሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ቲና ሉና የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ቻርልስ ቤይሊን፣ ዝርዝሩን ከባዶ መጀመር ነበረባቸው።