የድሮ የቤዝቦል ጨዋታዎችን በቪዲዮ ማየት

አሜሪካ ውስጥ ከብዙ ዓመታት በፊት የተላለፈን የቤዝቦል ጨዋታ ከመጀመሪያው ውርወራ እስከ መጨረሻው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ደጋፊ ጥቂት አይደለም። ማን እንዳሸነፈ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚፈልገው ሌላ ነው። ሆም ረን፣ ማለትም ከአጥር በላይ ተመትታ የወጣች ኳስ፣ ክብደቷ የሚገባው ከዚያ በፊት ወርዋሪው ሲደክም፣ አሰልጣኙ ሲያመነታ፣ ተመልካቹ ሲቁነጠነጥ ላየ ሰው ነው። ተቆራርጦ የሚቀርብ ምርጥ ምርጡ ይህን አይሰጥም።

ችግሩ ሙሉ ሆኖ የተረፈው ጥቂት መሆኑ ነው። የትልቁ ሊግ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1939 በብሩክሊን ኤቤትስ ፊልድ ነበር። ያኔ ስርጭቱን ቀድቶ የሚያስቀር መሣሪያ አልነበረም። በኋላ ኪኒስኮፕ መጣ፤ የቴሌቪዥኑን መስኮት በፊልም ካሜራ መቅረጽ ማለት ነው። በ1956 አምፔክስ የቪዲዮ ቴፕ ሲያወጣ ደግሞ ቴፑ ውድ ስለነበር ጣቢያዎች የቀዱትን እያጠፉ ሌላ ይቀዱበት ነበር። በዚያው ዓመት የኒው ዮርኩ ቡድን የያንኪስ ወርዋሪ ዶን ላርሰን በዎርልድ ሲሪስ፣ ማለትም በዓመቱ የሻምፒዮና ፍልሚያ፣ 27 መቺዎችን በተከታታይ አስወጥቶ አንድም ሰው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበትን ማረፊያ) ሳይረግጥበት የጨረሰው ጨዋታ እንኳ በኪኒስኮፕ የተረፈው የመጀመሪያው ኢኒንግ፣ ማለትም ከዘጠኙ ዙሮች አንዱ፣ ጎድሎት ነው።

ከሁሉም የሚደንቀው የ1960ው ዎርልድ ሲሪስ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ ከያንኪስ ጋር የተጋጠመው ቡድን የፒትስበርግ ፓይሬትስ ባለድርሻ ነበር። ጭንቀቱን ስላልቻለው ፓሪስ ሄደ፤ ጨዋታው ግን እንዲቀረጽለት አስደረገ። ፊልሙ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ቤቱ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ክፍል ቆይቶ በ2009 ተገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት በቴሌቪዥን ታየ፣ በዲቪዲም ወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው። በስምንተኛው ኢኒንግ መሬት ላይ የነጠረች ኳስ የያንኪሱን ቶኒ ኩቤክን ጉሮሮ ትመታዋለች፤ በቅጽበት መልሶ ማሳየት ገና ስላልተጀመረ ያመለጠው ሰው አመለጠው። በዘጠነኛው ቢል ማዘሮስኪ ኳሷን ከግራው አጥር አሻግሮ ፓይሬትስ 10 ለ 9 አሸነፉ። በዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥ አንድም መቺ በሦስት ስትራይክ (ሳይመታ ባመለጡት ውርወራዎች) አልወጣም፤ ጨዋታው ያለቀውም በ2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው።

ሶኒ በ1975 ቤታማክስን ካወጣ፣ ቪኤችኤስ በ1977 አሜሪካ ከገባ በኋላ ጨዋታን ቀድቶ ማስቀረቱ የተመልካቹም ሥራ ሆነ። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቴሌቪዥን ዝግጅትን በኋላ ለማየት ቤት ውስጥ መቅዳት ሕገወጥ እንዳልሆነ በ5 ለ 4 ድምፅ ወሰነ። በብዛት የሚሸጠው ካሴት በመደበኛ ፍጥነት የሚይዘው 2 ሰዓት ብቻ ስለነበር፣ ጨዋታው ከማለቁ በፊት እንዳያልቅበት የሚሰጋ ሰው ዴኩን 6 ሰዓት በሚያስቀዳው ዝግተኛ ፍጥነት ላይ ያደርገዋል። ምስሉ ይደበዝዛል፤ ማስታወቂያውና የዕለቱ ዜና ማስተዋወቂያ ግን አብረው ይቀራሉ። ኩባንያዎች ለሽያጭ ያወጧቸው ዲቪዲዎች ማስታወቂያውን ቆርጠው ይጥሉታል፣ አንዳንዶቹ ግን በምትኩ የሬዲዮ ዘጋቢዎችን ድምፅ መርጦ ማዳመጥ ያስችላሉ። የ1986ቱን ዎርልድ ሲሪስ ስድስተኛ ጨዋታ፣ ኳሷ በቦስተኑ ተጫዋች በቢል በክነር እግሮች መካከል ያለፈችበትን፣ በሁለቱም መንገድ መስማት ይመከራል።

ለዛሬ ተመልካች መጀመሪያ ግር የሚለው ውጤቱ መስኮቱ ጥግ ላይ አለመኖሩ ነው። ዘጋቢው እየደጋገመ ይናገራል፤ ከ1950 እስከ 2016 የዶጀርስ ቡድንን ጨዋታዎች ያስተላለፈው ቪን ስከሊ ደግሞ መቼ ዝም ማለት እንዳለበትም ያውቅ ነበር። በ1988ቱ ዎርልድ ሲሪስ ጉዳተኛው የዶጀርስ ተጫዋች ኪርክ ጊብሰን ሆም ረን መትቶ እያነከሰ ቤዞቹን ሲዞር ስከሊ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቃል አልተነፈሰም፤ የሚሰማው የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ነው።

የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች በ2016 ሥራውን ስላቆመ ካሴት ያላቸው ሰዎች አሁን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጡ ነው። በዝግተኛ ፍጥነት የተቀዳ ካሴት በሌላ ዴክ ላይ ምስሉ ሊረበሽ ስለሚችል፣ የተቀዳበት ዴክ ካለ በዚያው ማጫወት ይሻላል።